ፕሮባዮቲክ እየበሉ ኪሎ የማይጨምሩ የአሳማ ግልገሎች

ግልገሎቹ ጡት ከጣሉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ፕሮባዮቲኩ፣ ማለትም ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት፣ በየቀኑ መኖው ውስጥ ይገባል። ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ለውጥ የለም፤ ተቅማጡም አልቆመም። «ዱቄቱ አይሰራም» ከማለታችሁ በፊት ባክቴሪያው አንጀታቸው የደረሰው በሕይወት መሆኑን አጣሩ።

ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው፤ ሰው ባክቴሪያውን በገዛ እጁ ገድሎ ይመግባቸዋል። አንድ አርቢ አንድ ከረጢት ሙሉ ጨርሶ ደወለልኝ። ሄጄ ሳይ መኖውን ይቀቅልና ገና እየተነነ ዱቄቱን ይጨምርበታል! ላክቶባሲለስ የሚባለው የፕሮባዮቲክ ባክቴሪያ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም። መኖው እጅ ሲነካው ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጨምሩ፣ ወዲያው ይብሉት። በእንፋሎት ተጨምቆ ለሚሰራ መኖ ደግሞ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ያለበትን ምረጡ። እሱ ስፖር (ባክቴሪያውን የሚጠብቅ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የእንቅልፍ ቅርጽ) ስለሚሰራ ሙቀቱን ይቋቋማል።

ሌላ ቦታ መኖው ቀዝቃዛ ነው፣ ድብልቁም ደህና ነው። «ሌላ ምን ትሰጧቸዋላችሁ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። ሦስቴም «ምንም» አሉኝ። መደርደሪያው ላይ ግን የተከፈተ አሞክሲሲሊን አየሁ። በመጠጥ ውሃቸው ይሰጡ ነበር። አንቲባዮቲክ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። እባካችሁ፣ የምትሰጡትን ሁሉ ተናገሩ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በመሃል እንዳታቋርጡ፤ እሱን ጨርሱና ፕሮባዮቲኩን ከዚያ ጀምሩ።

በውሃ የምትሰጡ ከሆነ ክሎሪኑም ይገድለዋል። ውሃውን በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አሳድሩት።

አንዳንዱ ግልገል ብቻ ካደገ ድብልቁ አልተዳረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። ለአንድ ቶን መኖ ግማሽ ኪሎ ዱቄት እላዩ ላይ በትኖ ማገላበጥ አይበቃም። መጀመሪያ ከ10 ኪሎ መኖ ጋር በደንብ አሹት፣ ከዚያ ወደ ዋናው።

የባክቴሪያው ስም፣ በግራም ያለው ብዛትና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ከረጢት አትግዙ። ፀሐይ ላይ የዋለውንም አትግዙ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል፤ ኪሳራው የሚያርፈው ግልገሎቹ ላይ ነው።

አተኛኘታቸውንም እዩ፤ ግልገሎቹ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል። አዲስ ጡት ለጣለ ግልገል ቤቱ ወደ 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት።

ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ዓይናቸው ከጎደጎደ ፕሮባዮቲኩን እርሱት። የጨውና የስኳር ውህድ እያጠጣችሁ ሐኪም ጥሩ፣ ዛሬውኑ። ሲያድር የሚሞት ግልገል ብዙ አይቻለሁ።