የቡና ገለፈት ካርቦን ጋዙን አልይዝ ሲል

ጅማ ላይ ጥሬ ዕቃ አይቸግርም፤ ጀንፈል በሚፈለፈልበት ሁሉ ገለፈት ተከምሮ ይገኛል። ያንን አክስሎ፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሙቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ካርቦን መሥራት ይቻላል። ውጤቱ ሲያንስ ግን ቶሎ የሚወቀሰው ገለፈቱ ነው፤ ያለ ጥፋቱ።

ከፈርነሱ (ከማሞቂያው ምድጃ) ግራጫ አመድ ወጣ። አየር ገብቷል። አየሩን የሚያስወጣው ናይትሮጅን ማሞቅ ሳይጀመር ይከፈት፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ አይዘጋ። የሸክላ ክሩሲብል (ከሰሉ የሚሞቅበት ዕቃ) አትጠቀሙ፣ ሃይድሮክሳይዱ ይበላዋል። የኒኬል ይሻላል።

ሰርፌስ ኤሪያው (የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ጠቅላላ ስፋት) ትልቅ ነው፣ የሚይዘው ጋዝ ግን ትንሽ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በክፍል ሙቀትና በተራ ግፊት ሥራውን የሚሠሩት ከ1 ናኖ ሜትር የጠበቡ ቀዳዳዎች ናቸው። የጋዙ ሞለኪውል 0.33 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ሲቀርበው ነው ጠበቅ ብሎ የሚያዘው። ለ1 እጅ ከሰል 4 እጅ ሃይድሮክሳይድ አድርጋችሁ እስከ 800 ዲግሪ ካሞቃችሁ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሰርፌስ ኤሪያው ቁጥር ያምራል፣ ጋዙ ግን አይቆይም። ወደ 2 እጅና ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሌላም አለ፦ ቀዳዳ በተለምዶ የሚለካው በናይትሮጅን ነው፤ በ−196 ዲግሪ ግን ናይትሮጅን ወደ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች መግባት ስለሚያቅተው፣ እነሱን በ0 ዲግሪ በራሱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኩ።

ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይታይበታል። ያልታጠበ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀዳዳውን ደፍኖታል። በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠቡ (አረፋ ያወጣል፣ አትደንግጡ)፤ ከዚያ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 7 አካባቢ እስኪደርስ በሙቅ ዲስቲልድ ውሃ። ካርቦኑ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ውሃ አታፍስሱበት፤ በከፍተኛ ሙቀት የተፈጠረ ንጥር ፖታሲየም (ሜታል) ካለ እሳት ያስነሳል።

ታትሞ ካነበብነው ያንሳል። መጀመሪያ ግፊቱን ተመልከቱ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ብዙው ጽሑፍ የሚናገረው ግን ስለ 100 ነው። ክፍት በሆነ መሣሪያ ንጹሕ ጋዝ አሳልፋችሁ ከለካችሁ፣ ማነሱ የሚጠበቅ ነው። ከውጤቱ ጎን ግፊቱን ጻፉ።

ትናንት ጥሩ፣ ዛሬ መጥፎ። እርጥበት ነው፣ በተለይ በክረምት። ካርቦኑ ክፍት ዕቃ ላይ ካደረ የአየሩን ውሃ ይጠጣል። ከመለካታችሁ በፊት በቫኪዩም ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት አሙቁት። የሃይድሮክሳይዱንም ጠርሙስ ክዳን አጥብቁ፤ ክፍት ከቆየ ይረጥብና ከአየሩ ጋዝ እየሳበ ካርቦኔት ይሆናል፤ ያኔ የመዘናችሁት ሃይድሮክሳይድ ብቻ አይደለም።