የእሁድ ዓሣ ማጥመድ ስንት ብር ያወጣል?

እሁድ እሁድ ከጅማ ተነስተን ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ መንጠቆ ይዘን የምንወርድ ሰዎች አለን። የውሃው ጥቅም ሲቆጠር የሚነሳው መብራቱና ገበያ የሚወጣው ቆሮሶ ነው። የእኛን እሁድ የሚቆጥረው የለም። እኔ ግን መቆጠር አለበት ባይ ነኝ፤ ዘዴውም አለ።

መነሻው የጉዞ ወጪ ነው። ሃሳቡን በ1947 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያቀረበው ኢኮኖሚስቱ ሃሮልድ ሆተሊንግ ነው። መግቢያ ባይከፈልም መንገዱ ያስከፍላል። ሩቅ ያለው ብዙ ስለሚያወጣ አዘውትሮ አይመጣም።

ሐይቁ ዳር ያገኛችሁትን ሰው ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት? ለትራንስፖርት ስንት አወጡ? በዓመት ስንቴ ይመጣሉ?» «ቢያስከፍሉዎት ስንት ይከፍላሉ?» አትበሉ። ክፍያ ሊጀመር ነው ብሎ ይሰጋል፤ መልሱም ይዛባል።

ወጪው ውስጥ የሚኒባሱን፣ የባጃጁንና የትሉን ሒሳብ አስገቡ። ምሳ ግን ቤትም ይበላል፤ ከዚያ ያለፈውን ብቻ ቁጠሩ። መንገድ ላይ ለጠፋው ጊዜ ብዙ አጥኚዎች የሰዓት ደመወዝን አንድ ሦስተኛ ይይዛሉ። ሐይቁ አቅራቢያ ወዳለችው አሰንዳቦ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ እግረ መንገዱን መንጠቆ የጣለውን ለብቻው መዝግቡት፤ ሙሉ ወጪውን ለዓሣው መስጠት ልክ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። የወጣው ብር የጉዞው ዋጋ አይደለም። ዋጋው ሰውዬው ከከፈለው በላይ ያገኘው ጥቅም ነው፤ የሸማች ትርፍ ይባላል። እንበል፣ የአሰንዳቦው ሰው በአንድ ጉዞ 100 ብር አውጥቶ በዓመት 20 ጊዜ ይመጣል። የጅማው 500 ብር አውጥቶ 4 ጊዜ። 400 ብር ሲጨመር 16 ጉዞ ቀረ፤ በየ25 ብሩ አንድ ጉዞ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ወጪው 600 ብር ሲደርስ የሚመጣ አይኖርም። ትርፉ ከጉዞ ጉዞ እየቀነሰ ስለሚሄድ ግማሹ ይያዛል። የጅማው ትርፍ የ4 ጉዞና የ100 ብር (600 ሲቀነስ 500) ብዜት ግማሽ፣ 200 ብር በዓመት ነው። የአሰንዳቦው የ20 ጉዞና የ500 ብር (600 ሲቀነስ 100) ብዜት ግማሽ፣ 5,000 ብር። በአንድ ጉዞ ብዙ ያወጣው ጅማ ያለው ነው፤ ሐይቁ ቢጠፋ አብዝቶ የሚጎዳው ግን የሐይቁ ጎረቤት ነው! ወጪ ብቻ ደምሮ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ይህን አያየውም።

እውነተኛው ሥራ ብዙ ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። ገቢያቸውንና ሌላ የሚያጠምዱበት ቦታ መኖሩንም አብራችሁ መዝግቡ። ዳር ላይ ብቻ ከጠየቃችሁ የምታገኙት አዘውታሪውን ነው፤ አማካዩ ከፍ ይልባችኋል። ስለዚህ ከተማ ውስጥም ጠይቁ። ይዘውት የሚገቡትን ዓሣ የገበያ ዋጋ ግን ከላይ አትደምሩ፤ ለመምጣት ካነሳሷቸው ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ ትርፉ ውስጥ አለ።

በመጨረሻ የአንድ ጉዞን አማካይ ትርፍ በዓመቱ ጉዞዎች ብዛት አባዙ። ብዛቱን ለማወቅ በሥራ ቀንም በእሁድም፣ በክረምትም በበጋም፣ በጾምም በፍስክም ቁጠሩ።