የመብራት ክፍያችሁ ብድር ስትጠይቁ እንዲመሰክርላችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ አራት ዓመት ሙሉ የመብራት ድርሻዬን አንድም ወር ሳላዘገይ ከፍያለሁ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ላለችው ጁስ ቤቴ ሁለተኛ ፍሪዘር ልገዛ ብድር ስጠይቅ ግን ከዚያ ሁሉ ክፍያ አንዱም በእኔ ስም አልተገኘም። በስሜ የተገኘው ረስቼው የነበረ የስልክ ብድር ነው። እሱንም የወሰድኩት መብራት ልከፍልበት ነበር።

እንግሊዝ አገር የምትኖረው እህቴ በስልክ ስናወራ ሁሌ «ቢልሽን በቀኑ ክፈይ፣ የብድር ታሪክሽ ይገነባል» ትለኝ ነበር። ለእሷ እውነት ነው። እዚያ የኤሌክትሪክና የጋዝ አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን አከፋፈል ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን ለሚባሉት የብድር መረጃ ድርጅቶች ያስተላልፋሉ፤ ሳይከፈል ቀርቶ እንደ ተበላሸ የተመዘገበ ሒሳብ 6 ዓመት ከሰውየው ስም አይፋቅም። አሜሪካ ደግሞ በቀኑ የተከፈለ ቢል አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ላይ አይወጣም፤ ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ከሆነ ግን እስከ 7 ዓመት ይታያል።

እኛ ጋ አሠራሩ ሌላ ነው። በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ሥርዓት የሚይዘው የብድር መረጃ ነው፤ ማን ከየትኛው አበዳሪ ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ፣ ስንት ቀን አሳለፈ። የመብራት ቢል ብድር አይደለም፤ አራት ዓመት በቀኑ በመክፈሌ ብቻ እዚያ የሚጻፍልኝ ነገር አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ቢሉ ብድራችሁን በሁለት መንገድ ይነካዋል። በስርዓት ከያዛችሁት የመኖሪያችሁና የሥራችሁ ማስረጃ ይሆናል። ቢሉን ለመክፈል ከተበደራችሁ ደግሞ ያ ብድር ራሱ መዝገብ ላይ ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ሁለቱን የምትይዙበት መንገድ ነው።

1ኛ፦ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እዩ

ቢሉን አንስታችሁ ስሙንና የደንበኛ ቁጥሩን አንብቡ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት የብድር ባለሙያዋ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ስም የማን ነው?» አለችኝ። አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አዴ ነው የምንላቸው፤ የእሳቸው ስም መስሎኝ ነበር። የእሳቸውም አልነበረም፤ ቤቱን ከዓመታት በፊት የሸጡላቸው ሰው ስም ነው። የአራት ዓመት ደረሰኝ ይዤ የማላውቀውን ሰው ታማኝነት ሳስመሰክር ቆየሁ ማለት ነው።

የስም አጻጻፉንም ተመልከቱ። እኛ ከተማ አንድ ሰው በመታወቂያው «መሐመድ»፣ በቢሉ «ሙሀመድ»፣ በባንክ ደብተሩ «ማሃመድ» ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ሰፈር ውስጥ ማንም አይቸገርበትም፣ ባንክ ግን ሦስት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። የፋይዳ መታወቂያ ካወጣችሁ እሱን መነሻ አድርጋችሁ ሌላውን ወደዚያ አስተካክሉ።

ቤት የምትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት የቆጣሪውን ዕዳ አስጠይቁ። የድሮው ባለቤት የተወው ውዝፍ ቆጣሪውን ተከትሎ እናንተ ደጅ ይመጣል።

2ኛ፦ ባለቤት ከሆናችሁ ስም አዛውሩ፣ ተከራይ ከሆናችሁ ውል ላይ አጽፉ

ለባለቤት ቀላል ነው፤ ካርታውን፣ የሽያጭ ወይም የውርስ ሰነዱን፣ መታወቂያውንና የመጨረሻውን የተከፈለ ቢል ይዞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ነው። ውዝፍ ካለ መጀመሪያ እሱ ይዘጋል።

ለተከራይ የሚሻለው መንገድ ውሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ሲመዘገብ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ፤ «ተከራይ የመብራት ፍጆታውን ድርሻ በየወሩ ለአከራይ በባንክ ያስተላልፋል» የምትል፣ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር። አዴ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። «አራት ዓመት አብረን ኖረን አሁን ወረቀት?» አሉኝ። ለምን እንደፈለግኩት ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው ግን እሳቸው ራሳቸው የቢሉን ስም ለማዛወር ተነሱ።

የጋራ ቆጣሪ ላይ ላላችሁ አንድ ምክር ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚያበራውም ሰው በላይኛው እርከን ይከፍላል። ስለዚህ «ለአምስት እናካፍል» የሚለውን አልወደውም። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ወጪው ቶሎ ይመለሳል፣ ስንት እንደተጠቀማችሁም በቁጥር ያሳያል። የሚገጥመው ግን ሙያ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሁን።

3ኛ፦ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አቁሙ

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከዚራም ሆነ መጋላ ሰልፍ መቆም አያስፈልግም፤ በ*127# ወይም በመተግበሪያው የደንበኛ ቁጥሩን አስገብታችሁ ትከፍላላችሁ። ሲቢኢ ብርም ያው ነው። የምትከፍሉት ግን ሁልጊዜ ከራሳችሁ ስልክና ሒሳብ ይሁን። የልጅ ወይም የጎረቤት ስልክ ላይ የተከፈለ ቢል ለእናንተ አይመሰክርም።

የወረቀት ደረሰኝ ላይ ብቻ አትተማመኑ። በሙቀት የሚታተመው ስስ ወረቀት የድሬን ግንቦት አይችልም፤ እኔ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ መስኮት ሥር ያስቀመጥኳቸው ግማሾቹ ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል። በወጣበት ቀን ፎቶ አንሱት ወይም ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

የካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ቢል ስለማይመጣላችሁ የሞላችሁበት ደረሰኝ ነው ማስረጃችሁ። ጥሩ ጎኑ ውዝፍ አይኖርባችሁም።

4ኛ፦ ለመብራት አትበደሩ፤ ከተበደራችሁ ደግሞ እስኪዘጋ አትርሱት

እኔን የጎዳኝ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ግንቦት ነበር። ቬንቲሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ፍሪዘሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ የመብራት ድርሻዬ ካለፉት ወራት እጥፍ ሆኖ መጣ። ያለኝን ብር ጠዋት ማንጎ ገዝቼበታለሁ። ስልኬ ላይ ወዲያው የሚለቀቅ ብድር ነበር፤ 900 ብር ወሰድኩና ለአዴ ሰጠሁ። ተደሰትኩ፣ አንድም ወር አላዘገየሁማ! ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠፋ። ሲሙን እንደማስመለስ ሌላ ቁጥር አወጣሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። «ክፈዪ» የሚለው መልእክት ሁሉ የሚደርሰው ወደ ጠፋው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ብድር ሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ ሲገባ በራሱ ይቆረጣል፤ በዚያ ሒሳብ ግን ምንም አልገባበትም። ቅጣቱ ብቻ ይጨምር ነበር።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። የስልክ ብድር ስሙ ቀላል ቢሆንም ከጀርባው የሚያበድረው ባንክ ነው። ብድሬን ልጠይቅ የሄድኩት ደግሞ ያው ባንክ ሆነ። በባንክ አሠራር መክፈያው ካለፈ 90 ቀን የሞላው ብድር ጤናማ ካልሆኑት ይመደባል፤ የብሩ ማነስ አያድነውም። ባለሙያዋ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዙራ ስታሳየኝ የፍሪዘሩ ነገር ማብቃቱን ያወቅኩት በዚያችው ደቂቃ ነው። ያንኑ ቀን ከነቅጣቱ ከፈልኩ። የብድር ጥያቄዬ ግን ውድቅ ሆነ።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ መጀመሪያ በስማችሁ የወጡትን ስልክ ቁጥሮች ሁሉ አስቡ፣ የድሮዎቹንም። የጠፋ ሲም ካለ አስመልሱና የብድር ዝርዝሩን ክፈቱ። ያለውን በሙሉ ክፈሉ፤ «ትንሽ ትንሽ» ማለት ቅጣቱን አያቆመውም። ከዚያ ወደ አበዳሪው ሄዳችሁ ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ ተቀበሉ። «ሲስተም ላይ ይታያል» ቢሏችሁም ደብዳቤውን ሳትይዙ አትውጡ፤ እኔ ኋላ ሌላ አበዳሪ ጋ ስሄድ ያዳነኝ እሱ ወረቀት ነው። የመዘግየቱ ታሪክ በመክፈላችሁ ብቻ አይጠፋም። ጠያቂው ሲያየው ዕዳ ሳይሆን የተዘጋ ዕዳ ሆኖ እንዲያገኘው ነው የምታደርጉት።

ብድሩ ዳግም እንዳያስፈልገኝ ያደረግኩት ነገር የእኛን አየር የተከተለ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ድሬ ቀዝቀዝ ስለሚል ቢሉ ይወርዳል። እኔ በእነዚያ ወራትም የግንቦትን ያህል አስቤ ልዩነቱን ለብቻው በከፈትኩት የቁጠባ ሒሳብ አስቀምጣለሁ። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነም ዕጣችሁ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ዳኛውን ቀድማችሁ ለምኑ።

5ኛ፦ ቢሉ ከተሳሳተ

ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት የመጣ ቢል ካጋጠማችሁ የቆጣሪውን ቁጥር ከነቀኑ ፎቶ አንሱና አቤት በሉ፤ በ905 ደውላችሁ፣ ከዚያም ማዕከሉ ሄዳችሁ በጽሑፍ። «እስኪስተካከል አልከፍልም» ብሎ መቀመጥን አልመክርም፤ መብራቱ ሲቆረጥ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ጭማቂና ሥጋ አብሮ ይሄዳል።

6ኛ፦ ፋይሉን አዘጋጁ

የ12 ወር ክፍያችሁን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት በማህተም አስወጡ። የስልክ ስክሪንሾት አትቁጠሩበት፣ እኔ ይዤ የሄድኩትን ማንም አላየልኝም። የኪራይ ውሉን ኮፒ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ብድር መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ካለም እሱን ጨምሩ። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ወሩን፣ የተከፈለውንና የተከፈለበትን ቀን በሠንጠረዥ ጻፉ።

ሥራ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ገጽ ከሽያጫችሁ ጋር አስተያዩ። የእኔ የመብራት ወጪ ከፍ የሚልባቸው ወራት ጁስ አብዝቼ የምሸጥባቸው ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ የተቀበለኝ ባለሙያ ይህን ጎን ለጎን ሲያየው ስለ ድሮው መዘግየት ብዙም አልጠየቀኝም፤ «በየትኞቹ ወራት ከፍ አድርገሽ መክፈል ትችያለሽ?» አለኝ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ አልኩት። የመክፈያ ሰሌዳውን በዚያው ልክ ሠራልኝ፤ ፍሪዘሩ የገባው ከመጀመሪያው ጥያቄዬ ዘጠኝ ወር ዘግይቶ ነው።