ስታትአምፔርን ወደ አምፔር ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የድሮ ፊዚክስ ጽሑፍ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ ቀን «ኢ.ኤስ.ዩ» ከምትባል ነገር ጋር መፋጠጡ አይቀርም። የድሮው የኤሌክትሮስታቲክ አሃዶች ስም ናት፤ ስታትአምፔርም ከዚያው ቤተሰብ ነው። እኔ የተፋጠጥኩት የፊዚክስ ሊቁ ሚሊካን በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኤሌክትሮን ቻርጅ ላይ ነው። 4.774 × 10⁻¹⁰ ይላል። እኔ የማውቀው ደግሞ 1.6 × 10⁻¹⁹ ነው። ሰውየው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለካ አሃዱ ነው የተለየው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከትርጉሙ እንነሳ። ሁለት እኩል ቻርጆች በባዶ ቦታ 1 ሴንቲሜትር ተራርቀው በ1 ዳይን ኃይል ከተገፋፉ፣ እያንዳንዳቸው 1 ስታትኩሎምብ ናቸው። በሰከንድ 1 ስታትኩሎምብ ካለፈ ደግሞ ከረንቱ 1 ስታትአምፔር ነው። በዛሬው አሃድ 3.33564 × 10⁻¹⁰ አምፔር ይሆናል። በቃ ይህቺን ነው የምንቀይረው። ግን ስንት ቦታ ያንሸራትታል መሰላችሁ!

ማባዛትና ማካፈሉን ማምታታት

ይሄ የሁሉም ሰው ስህተት ነው። መድኃኒቱ ስታትአምፔር ምን ያህል ኢምንት እንደሆነች በዓይነ ኅሊና መያዝ ነው። 2 አምፔር የሚሰጥ የሞባይል ቻርጀር ስታትአምፔር ሲሆን ወደ 6 ቢሊዮን ይጠጋል። ስለዚህ ከአምፔር ወደ ስታትአምፔር ስትሄዱ ቁጥሩ ማበጥ አለበት። ካላበጠ ገልብጣችሁታል።

10⁸ ነው፣ 10⁹ ነው ወይስ 10¹⁰?

ከአምፔር ወደ ስታትአምፔር ማባዣው 2.998 × 10⁹ ነው። የብርሃን ፍጥነት በሜትር 10⁸፣ በሴንቲሜትር 10¹⁰ ሆኖ ሳለ ይህቺ 10⁹ ከየት መጣች? ከአብአምፔር ናት። አብአምፔር የማግኔቱ ወገን፣ ማለትም የኢ.ኤም.ዩ አሃድ ነው፤ ልክ 10 አምፔር ነው። አንድ አብአምፔር ውስጥ ያሉት ስታትአምፔሮች ብዛት ደግሞ የብርሃን ፍጥነት በሴንቲሜትር በሰከንድ ነው፤ እሱን ለ10 ስታካፍሉት 10⁹ ትመጣለች።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ቬበርና ኮልራውሽ በ1856 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሁለቱን አሃዶች ጥምርታ በላይደን ማሰሮ (ቻርጅ በሚያጠራቅም የድሮ ዕቃ) ለክተው ሲያወጡት፣ ሥራቸው ከብርሃን ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም፤ የወጣው ቁጥር ግን የብርሃን ፍጥነት ደጃፍ ላይ ነበር። ማክስዌል በኋላ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው ብሎ ሲከራከር አንዱ መደገፊያው ይሄ ቁጥር ነው። አሰልቺ የመሰለችን ማባዣ እንዲህ ዓይነት ታሪክ አላት።

«ኢ.ኤስ.ዩ» የሚለውን እንደ አንድ አሃድ ማየት

የድሮ ጸሐፊዎች ቻርጁንም፣ ከረንቱንም፣ ቮልቴጁንም «ኢ.ኤስ.ዩ» ብለው ያልፉታል። አንባቢው የምን እንደሆነ ራሱ ይወቅ ነው ነገሩ። የቻርጅና የከረንት ማባዣ አንድ ነው፤ የቮልቴጅ ግን ሌላ ነው፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። 1 ስታትቮልት 299.79 ቮልት ነው። ከረንቷ ኢምንት፣ ቮልቷ ግዙፍ።

ልክ መሆናችሁን ለማወቅ ሁለቱን አባዙ። 1 ስታትአምፔር በ1 ስታትቮልት 1 ኤርግ በሰከንድ መስጠት አለበት፣ ማለትም 10⁻⁷ ዋት። 3.33564 × 10⁻¹⁰ን በ299.79 አባዙትና እዩ፤ ቁጭ ይላል።

ቁጥሩን ቀይሮ ቀመሩን መርሳት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሒሳቡ ንጹሕ ሆኖ መልሱ ገደል ይገባል። በድሮው ሥርዓት የተለወጠው አሃዱ ብቻ አይደለም፤ ቀመሮቹም ሌላ ናቸው። የኩሎምብ ሕግ ውስጥ ያ የለመድነው ቋሚ ቁጥር የለም፣ ኃይሉ የቻርጆቹ ብዜት ለርቀቱ ስኩዌር ተካፍሎ ብቻ ነው። ማግኔት ሲመጣ ደግሞ በጋውስ ሥርዓት (ኢ.ኤስ.ዩንና ኢ.ኤም.ዩን ባጣመረው የድሮ ሥርዓት) የብርሃን ፍጥነት ቀመሩ ውስጥ ይገባል።

አንድ እንሞክር። 10 አምፔር የሚሄድበት ቀጥ ያለ ረጅም ሽቦ አለ፣ እኛ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነን። በዛሬው ቀመር መስኩ 10⁻⁴ ቴስላ ነው፣ ማለትም 1 ጋውስ። አሁን ወደ ድሮው፦ ከረንቱ 2.998 × 10¹⁰ ስታትአምፔር ይሆናል። እሱን በሁለት አባዝታችሁ ለብርሃን ፍጥነትና ለርቀቱ ብዜት ስታካፍሉ ያው 1 ጋውስ ይወጣል። የብርሃን ፍጥነቷን ከረሳችሁ ግን 3 × 10¹⁰ ጋውስ ታገኛላችሁ። ከአንድ ተራ ሽቦ! ምድር ላይ እዚያ አጠገብ የሚደርስ ማግኔት የለም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሄቪሳይድና ሎሬንትዝ የተጠቀሙበት ሥርዓት ጋውሱን ይመስላል፣ ግን ቻርጁ በ4ፓይ ስኩዌር ሩት ይለያል። መልሳችሁ ከተጠበቀው 3.54 ጊዜ ያህል ከራቀ ቀድማችሁ እሱን ጠርጥሩ።

ስፋቱን መዘንጋት

የከረንት ጥግግት ሲሆን ስታትአምፔሩ ብቻ ሳይሆን ስኩዌር ሴንቲሜትሩም ይቀየራል። በ10⁴ ይባዛል፤ ወደ አምፔር በስኩዌር ሜትር ማባዣው 3.336 × 10⁻⁶ ይሆናል።

2.998ን 3 ማድረግ

ለግምት ምንም አይደለም፣ ስህተቱ 0.07 በመቶ ነው። ሬዚስታንስ ላይ ግን የብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ስለሚሆን ስህተቱ እጥፍ ይሆናል።

ልዩነት ባያችሁ ቁጥር አሃዱን መክሰስ

ወደ ሚሊካን ልመለስ። ነገሩ ሲገባኝ 4.774 × 10⁻¹⁰ን ቀየርኩትና 1.592 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ወጣ። ዛሬ የምናውቀው 1.602 ነው። አሁንም 0.6 በመቶ ጎደለ። ማባዣዬን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ፣ ካልኩሌተሩን ቀየርኩ፣ አልተስተካከለም። ቅያሬው ግን ትክክል ነበር። ሚሊካን የዘይት ጠብታዎቹ ሲወርዱ አየሩ ምን ያህል እንደሚይዛቸው ለማስላት የተጠቀመበት የአየር ቪስኮሲቲ (የአየሩ የመጎተት ባሕርይ) ቁጥር ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ የጎደለችው እዚያ ነው።