ስለ ኑዌቮ ሜክሲኮ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ስለ ስፔን የሰሜን ጠረፍ ግዛት፣ ስለ ኑዌቮ ሜክሲኮ፣ የሚጽፉ ጀማሪዎችን ሥራ ሳርም አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገጥመኛል፦ «በ1692 ዲዬጎ ዴ ቫርጋስ ግዛቲቱን ደም ሳይፈስ አስመለሰ።» (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።) ቫርጋስ የስፔን አገረ ገዢ ነበር፤ ግዛቲቱም በ1680 በየመንደሩ የሚኖሩት የአገሬው ተወላጆች፣ ፑዌብሎዎች፣ አምጸው ስፔናውያንን ያባረሩባት ናት። እባካችሁ ይህን ተዉት!

በ1692 በዋና ከተማዋ በሳንታ ፌ ላይ ውጊያ አለመደረጉ እውነት ነው። ቫርጋስ ተደራደረ፣ ግዛቲቱን የመረከብ ሥርዓቱን ፈጸመ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤል ፓሶ ተመለሰ። ለአለቆቹም ይህንኑ በኩራት ጻፈ። ግን ደብዳቤው ስለ ቀጣዩ ዓመት ምን ሊያውቅ ይችላል? በ1693 ማብቂያ ሰፋሪ ቤተሰቦችን ይዞ ሲመጣ፣ ከተማዋን የያዙት ፑዌብሎዎች አንለቅም አሉ። ተዋግተው ተሸነፉ። ቫርጋስ 70 ሰው አስገደለ። በመቶዎች የሚቆጠሩትን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ ለሰፋሪዎች አገልጋይ አድርጎ አከፋፈለ። በ1696 ደግሞ እንደገና አመጽ ተነሳ። ይህን ሁሉ አልፎ «ደም ሳይፈስ» ማለት የሞቱትን ከታሪክ መሰረዝ ነው። በጣም ያናድደኛል።

የ1680ው አመጽም ከሰማይ ዱብ አላለም። በ1599 አኮማ በተባለው የፑዌብሎ መንደር ላይ የመጀመሪያው አገረ ገዢ የኦኛቴ ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅተዋል። ከዚያ ግብሩ፣ የጉልበት ሥራው፣ ድርቁና ረሃቡ መጣ። በ1675 አገረ ገዢው ትሬቪኞ 47 የፑዌብሎ የሃይማኖት አባቶችን አስይዞ ቀጣ፤ የተሰቀሉም አሉ። ከተገረፉት አንዱ ኋላ አመጹን የመራው ፖፔይ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ሯጮች ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ፤ ቋጠሮዎቹ የቀሩትን ቀናት የሚቆጥሩ ነበሩ። 400 ገደማ ስፔናውያን ተገደሉ፤ 21ዱ የፍራንሲስካን መነኮሳት ናቸው። የቀሩት ወደ ኤል ፓሶ ሸሹ።

«ፑዌብሎዎች ወሰኑ» ብላችሁ አትጻፉ። የየትኛው መንደር ሰዎች? ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ ኢስሌታን የመሰለ በአመጹ ያልተካፈለ መንደርም አለ።

የዛሬውን የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ካርታ ለዚያ ዘመን አትጠቀሙ።

የመጨረሻው ስፔንን የአካባቢው ብቸኛ ጌታ ማድረግ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሜዳውን የያዙት ሌሎች የአገሬው ተወላጆች፣ ፈረሰኞቹ ኮማንቼዎች፣ ነበሩ። አገረ ገዢው አንሳ በ1779 ዝነኛውን መሪያቸውን ኩዌርኖ ቬርዴን ገደለ፤ ጦርነቱ ግን በዚህ አልቆመም። ሰላም የወረደው በ1786፣ አንሳ ከኮማንቼው መሪ ከኤኩዌራካፓ ጋር ተቀምጦ ሲዋዋል ነው። ስጦታና ንግድም የውሉ አካል ነበሩ። ስለዚህ የኮማንቼዎችን ምድር በስፔን ቀለም አትቀቡት።