ቀዩ ሂሞግሎቢን ቡኒ ሲሆንባችሁ

ይህ ከቄራ በመጣ የከብት ደም ከሂሞግሎቢን (ኦክሲጅን ከሚሸከመው የደም ፕሮቲን) የደም ምትክ ለሚሞክር የባሕር ዳር ላቦራቶሪ ነው። ሕዋስ ማጠብና ማፈንዳት እንደምታውቁ ተቆጥሯል።

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይኸው ነው፦ ማታ ደማቅ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ጠዋት የቡና አተላ ይመስላል። በዓይን አትፍረዱ፤ በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መምጠጥን በሚለካ መሣሪያ) እዩት። 541 እና 577 ናኖሜትር ላይ ያሉት ጉብታዎች ዝቅ ብለው 630 ላይ አዲስ ከወጣ፣ የሂሙ (ኦክሲጅን የሚይዘው የሂሞግሎቢን ክፍል) ብረት ኦክሲዳይዝ ሆኖ ሜትሂሞግሎቢን ሆኗል፤ ኦክሲጅን አይሸከምም።

ምርመራውን ከመንገዱ ጀምሩ። ሚያዝያ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በላስቲክ ታስሮ በባጃጅ የሚንገላታ ደም ሳይደርስ አልቆለታል። ደሙ እንዳይረጋ 3.8 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት፣ 1 ለ9 ደም፣ በረዶ ሳጥን። በረዶው ግን ጠርሙሱን በቀጥታ አይንካው፤ በረዶ የሆነ ሕዋስ ሲቀልጥ ይፈነዳል። ማጠቢያው ሮዝ ከሆነ ተዉት፣ ሌላ ደም አምጡ።

ቀጥሎ ውሃው። የቧንቧም ሆነ የጣና ውሃ፣ ቢፈላም ቢጣራም፣ አይሆንም! የመዳብ ርዝራዥ ኦክሲዴሽኑን ያፋጥነዋል። ዲስቲልድ ውሃ ከትንሽ ኢዲቲኤ (መዳብን የሚይዝ ኬሚካል) ጋር ተጠቀሙ፤ ፒኤች ከ7.4 አይውረድ። ለጥቂት ቀን 4 ዲግሪ፣ ለረጅም ጊዜ −80። የቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት −20 ስለሆነ ያባብሰዋል፤ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ደግሞ መዝግቡ።

ማዳን ከተፈለገ ጥቂት ሶዲየም ዳይቲዮናይት (ኦክሲዴሽኑን የሚመልስ)፣ ወዲያው በሴፋዴክስ ጂ-25 (ሞለኪውሎችን በመጠን የሚለይ ማጣሪያ) ማጣራት። እፍኝ ሙሉ የሚጨምር ሰው አይጠፋም፤ ትርፉ ከኦክሲጅን ጋር ፐርኦክሳይድ ፈጥሮ ሂሙን ይሰብራል። አረንጓዴ ካለ ድፉት።

ናይትሪክ ኦክሳይድ (የደም ስር የሚያሰፋ ጋዝ) ስትጨምሩ ቡኒ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማከማቻ አይደለም። ጋዙ ኦክሲጅን የያዘውን ሂም ቀድሞ ያገኘዋል፤ የሚቀረው ሜትሂሞግሎቢንና ናይትሬት ነው። በሂሞግሎቢኑ ቤታ ሰንሰለት ሲስቲን (አሚኖ አሲድ፤ በሰው አቆጣጠር 93ኛው) ላይ እንዲያዝ ከፈለጋችሁ በጋዙ ፋንታ ኤስ-ናይትሮሶሲስቲን 10 እጥፍ፣ ፒኤች 9 አካባቢ፣ በኢዲቲኤ፣ በጨለማ። ብርሃንና መዳብ ያላቅቁታል።

ምትኩ የተሞከረባት አይጥ ደም ግፊት ከወጣ፦ ከሕዋስ ውጪ ያለ ሂሞግሎቢን የደም ስሩን ግድግዳ ተጠግቶ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ይውጠዋል፤ ስሩ ይጠባል። ሂሞግሎቢኖቹን እርስ በርስ በግሉታራልዲሃይድ አያይዙና ያልተያያዘውን ነጠላ ሞለኪውል (64 ኪሎዳልተን) አጣርታችሁ አስወግዱ። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በ2001 ደቡብ አፍሪካ የፈቀደችው ሄሞፒዩርም (ከከብት ሂሞግሎቢን የተሠራ የደም ምትክ) ግፊት ያወጣ ነበር።

ኦክሲጅን ካልለቀቀ ጨዉን እዩ፤ የከብት ሂሞግሎቢን የሚታዘዘው ለክሎራይድ ነው።