ፋብሪካው ሥራውን ወደ ሌላ አገር ሲያዞር ሠራተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ፣ ከሐዋሳ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይላክ የነበረው ልብስ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ፤ ትዕዛዝ ወደ ሌሎች አገሮች ሲዞርም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ላይ የነበሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራቸውን አጡ። በአሜሪካ ምርት ወደ ውጭ በመሄዱ ሥራውን ለሚያጣ ሠራተኛ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት የሥልጠናና የገቢ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህም ቢሆን ከ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ አዲስ አመልካች አይቀበልም። በእኛ አገር ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥ መድን ስለሌለ፣ ሠራተኛው በእጁ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያስከብርለት ክፍያ ነው። የሚያሳዝነው ይህም ክፍያ ብዙ ጊዜ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች መቅረቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ያላነበቡትን ወረቀት መፈረም ነው። ለሠራተኞች ማመልከቻ በመጻፍ ስረዳ፣ አንዲት ሦስት ዓመት የሠራች የስፌት ማሽን ኦፕሬተር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከስልኳ ሽፋን ውስጥ አውጥታ አሳየችኝ። «ቶሎ እንዲከፈላችሁ ነው» ተብለው በአንድ የስፌት መስመር ያሉ ሠራተኞች በሙሉ ተሰልፈው የፈረሙበት ወረቀት ነበር፤ የሚለው ግን «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ በፈቃዱ ከለቀቀ በመርህ ደረጃ የሥራ ስንብት ክፍያ አያገኝም፤ ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ ግን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሁሉ ያገኛል። ፈቅዳ እንዳልፈረመች የማስረዳቱ ሸክም በዚያች ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ።

የቀረባት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። በመጨረሻው የሥራ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ 100 ብር ነበር ብንል፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ሒሳብ 3000 ብር ነው፤ ለተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የዚህ ሲሶ፣ ማለትም 1000 ብር ሲታከል 5000 ብር ይሆናል። ውሉ የተቋረጠው በድርጅቱ መዘጋት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ አማካይ የቀን ደመወዟ በ60 ተባዝቶ ሌላ 6000 ብር ይጨመርላታል። 11000 ብር፣ የቤት ኪራይ ተጋርታ ለምትኖር ልጅ፣ አዲስ ሥራ እስክታገኝ የምትቆይበት ስንቅ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ትርጉም ካልገባ ኮፒ ተቀብሎ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት፣ ጎድሎ የቀረበውን ገንዘብ መቀበል ግድ ከሆነም ከፊርማው አጠገብ «የቀረኝን የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» የሚለውን የሱፐርቫይዘር ቃል እንደ ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ መቀበል ነው። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት፤ በሠራተኛ ቅነሳ ጊዜም ሁለት ወር ነው። አሠሪው ይህን ጊዜ ካልሰጠ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል።

ሌላው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት፣ ስልክ መጠበቅ ነው። «ትዕዛዝ ሲገባ እንደውላለን» የተባሉ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ፣ አዝመራ ይሰበስባሉ፣ ወራት ያልፋሉ። አሠሪ በገንዘብ ችግር ሥራ ሲያግድ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እግዱም ከ90 ቀን አይበልጥም። በዚህ መሐል ግን ይርጋ፣ ማለትም መብትን ለመጠየቅ በሕግ የተወሰነ የጊዜ ገደብ፣ አለ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ውሉ የተቋረጠው መቼ ነው የሚለው ራሱ የክርክር ጭብጥ ስለሚሆን፣ የመጨረሻውን የሥራ ቀን መዝግቦ መያዝና ከዚያ ቀን መቁጠር ይበጃል። ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት የይርጋውን ጊዜ ያቋርጣል፤ በሠራተኛ ክርክር ደግሞ የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ፣ ፍርድ ቤት ለመሄድ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

ለየብቻ መሯሯጥም ይጎዳል። ቅነሳ ሲኖር አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት፤ ተወካይ የሌለበት መስመር ግን ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ ሊቀነስ እንደሚገባ የሚጠይቅለት የለም።

በመጨረሻው ሰዓት የሚረሱ ነገሮችም አሉ። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይከፈላል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ይህ ገንዘብ በስም ገቢ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ የአገልግሎት ዘመኑ በሌላ ድርጅት ሲቀጠሩ ስለሚደመር የጡረታ መለያ ቁጥሩ መጥፋት የለበትም። ባጁ በር ላይ ከመመለሱ በፊት ሁለቱም ገጾቹ፣ ውሉና የመጨረሻዎቹ ወራት የደመወዝ ወረቀቶች በስልክ ፎቶ ይነሱ፤ ፎቶዎቹም ለአንድ ዘመድ ይላኩ፤ ኪራይ ሲጨንቅ መጀመሪያ የሚሸጠው ስልኩ ነውና።